ገላጩ ላይ ያለ ስም

በነጭ አፈር ከተማ አደባባይ የቆመው ገላጭ ጎህ ሲቀድ ይነቃል። ገላጭ የሚሉት የእርሻ ድጎማ የሚወስደውን ገበሬ ሁሉ ስም፣ የወሰደውን ገንዘብና ከሰማይ በፎቶ የተነሳውን የማሳውን የዕለት መልክ ለሕዝብ የሚያሳይ ረጅም የመስታወት ግድግዳ ነው። እሱ ከተተከለ ወዲህ ተደብቆ የሚበላ ድጎማ የለም።

ትርሲት የገላጩ ጥገና ባለሙያ ናት። ሥራ ስትገባ አስቀድማ የምታየው የአባቷን ስም ነው፤ ደበበ ጓንጉል። ስሙ አረንጓዴ ከሆነ ማሳው ታርሷል፣ ድጎማውም ገብቷል። «አባዬ ደህና ነው» ትልና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ስልክ መደወሉንም በዚያው ተወችው።

አንድ ቀን ስሙ ቢጫ ሆነ። አጨዳ በደረሰበት ወቅት ማሳው እንደገና እየታረሰ ነበር። ደወለች። ያነሳው ያለ ነጂ የሚያርሰው የአባቷ ማሽን፣ ሞፈሩ ነው።

«ማሳው ደህና ነው» አለ።

«አባቴን አገናኘኝ።»

«ማሳው ደህና ነው።»

የሞፈሩ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ መለዋወጫ ይዛ ሄደች። የአባቷን መንደር ጎሼ ሜዳን ሰው ከራቀው ቆይቷል፤ ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ዕድሩም ፈርሷል። ሞፈሩ ያልታጨደውን ስንዴ ከአፈር ጋር እየገለበጠ ወዲያ ወዲህ ይላል። በቃ የሚለው አልነበረም።

በሩን ገፋችው። አባቷ አልጋው ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ሞቶ ደርቋል። ትርሲት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ልታለቅስ ሞከረች፤ እንባ አልመጣም።

ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤት፣ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ መኪናዋን አይተው በምርኩዝ መጡ።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይሉ?»

«ከተማ ስወርድ ስሙን አያለሁ» አሉ አሮጊቷ መሬት መሬት እያዩ። «ድጎማውን ወሰደ ይላል። ሞቷል ብዬ በምን ልጠርጥር? አንቺስ እዚያው አይደለሽ?»

ትርሲት ወጥታ ሞፈሩን አቆመችው።

ከቀብሩ በኋላ አለቃዋ መንበሩ አስጠራት። «ስሙን አንሺው። ከሞተ ወዲህ የገባው ተመላሽ ይሆናል።»

«ገበሬውን ሰው በዓይኑ ያየው መቼ እንደሆነ ከየስሙ አጠገብ ቢጻፍስ?»

«ሕጉ ማን ወሰደ ነው የሚለው፤ እንዴት ሰነበተ አይልም» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉም እንደዚያው ነው የሚለው።

ስሙን አነሳችው። ከታች ያሉት ስሞች አንድ ደረጃ ከፍ አሉና ክፍተቱ ተዘጋ። ምንም አልተሰማትም። በአባቷ ቦታ የመጣውን ስም ብቻ አነበበች፤ እንግዳወርቅ ይመር። አረንጓዴ ነው።

በዕረፍቷ ቀን ያን ስም ይዛ ገጠር ሄደችና አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳች። የከፈቱት ቀጭን ባልቴት ናቸው።

«ከመንግሥት ነሽ? ድጎማው ላይ ስህተት ተገኘ?»

«የለም። ደህና መሆንዎን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ገላጩ ላይ አለሁ እኮ።»

«አዎ፣ እዚያ አይቻለሁ።»

ባልቴቷ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ በሩን ለቀቅ አድርገው፣ ሰው ካናገሩ በቆየ ድምፅ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

«የደበበ» አለች ትርሲት። ወደ ውስጥም ገባች።