የሾፌሩ ምሳ

ቡራዩ። ጎሚስታው ደጃፍ።

ጥቁሯ ፔጆ ክሪክ ላይ ቆማለች። ለቀጠሮው ሰበብ እንዲሆን ሚስማሩን ጎማዋ ላይ የሰካው ሾፌሩ ራሱ ነው።

ሾፌሩ ገብረየስ ይባላል። ሰበታ አጠገብ በተከፈተው አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ማለት ነው። በጸጥታ ቢሮው «ቃጭል» ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ደግሞ ከሊፋ፤ በዚያ ስም ከተጠራ ሁለት ዓመት አልፎታል።

አለሙ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። የቢሮው አለቃ ነው። ሲጋራውን ለኮሰ እንጂ ቀና ብሎ አላየውም።

«ሰውየው?»

«ዛሬ ጠዋት የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንትነት ለቀቁ።»

«ለምን እንደለቀቀ ነገረህ?»

«አልነገሩኝም።»

«ያን አትክልት የሚባል ረባሽ ተማሪ እንዳንነካው ነው። እሱ ሥልጣኑን ሊለቅ፣ እኛ ልጁን ልንተው። እንዲያ ተባባልን።» ጭሱን ወደ ጎን አወጣ። «አሁን ፊርማው ደርቋል። ልጁን የት እንደደበቀው አውጣጣውና ንገረኝ።»

«ቃል ሰጥታችሁ?»

«በአፍ ነዋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኛ ለሱ ወረቀት አልሰጠነውም።»

ሳቀ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

የይለፍ ወረቀት ነው። የቢሮው ማኅተም፣ የአለሙ ፊርማ፣ መሃል ላይ «ነጋዴ ከሊፋ ከድሩ»። ፎቶግራፍ የለውም። ይህን ያየ ኬላ ጠባቂ ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፋል እንጂ አይጠይቅም።

«ልጁን ስጠኝና ስምህን ይዘህ ወደ እናትህ ሂድ።»

እናቱ ሳሊሃ ወልቂጤ ገበያ ጨው ትሸጣለች። ልጄ አሰብ ወደብ ሥራ ይዟል ብላ ለሰው ታወራለች። ናፍቃዋለች፤ ሌላ ምን ይባላል። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከተተ።

ሰበታ ሲደርስ አንድ ሆቴል ውስጥ የሽኝቱ ግብዣ ደርቷል። መምህራኑ ለተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ለዶክተር ዓባይነህ ካባ ደርበውላቸው ያጨበጭባሉ። ግማሾቹ ከነገ ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው መሬት መሬት የሚያዩ ናቸው። ሙክቱ ታርዷል። ጥር 1962፣ ማክሰኞ ነው፤ ጾም ነኝ ማለት አይቻልም።

የግብዣ ቀን የገብረየስ የመከራ ቀን ነው። ስሙን ለውጧል፤ ማተብ አስሯል። ክርስቲያን ያረደውን መብላት ግን እምቢ አለው። ስለዚህ ሙክት በታረደ ቁጥር ሆዱን ያመዋል።

ዶክተሩ ካባቸውን እንደለበሱ፣ የተከደነ ሳህን ይዘው ወደ መኪናዋ መጡ። ፕሬዚዳንት ለሾፌሩ ምሳ ሲያመጣ! ጉድ ነው።

«ብላ፣ ገብረየስ።»

«ዶክተር፣ ሆዴን ትንሽ...»

«ክፈተው።»

ሽሮና ጎመን ነበር።

«በሌላ ድስት ነው ያሠራሁልህ» አሉ።

ገብረየስ የሳህኑን ክዳን መልሶ ከደነ።

«ሙክት ሲታረድ ሆድህን ያምሃል። ሽሮ ሲቀርብ ይሻልሃል። እንዲህ ያለ በሽታ አላውቅም።» ፈገግ አሉ። «ሃይማኖቱን የሚደብቅ ሾፌር ማን እንደሚልከው ለማወቅ ደግሞ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።»

ቢሮው የሰጠው ሽጉጥ ከወንበሩ ሥር ነው። ትዝም አላለው። አፈረ፤ እስከ ጆሮው አፈረ።

«ለምን አላባረሩኝም?»

«ሌላ ይልኩብኛላ። አንተ ቢያንስ ጥሩ ትነዳለህ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጁን ሊይዙት ነው፣ አይደል?»

ገብረየስ ዓይኑን ወደ ሳህኑ ሰበረ።

«ገባኝ። ሱሉልታ ነው ያለው፣ ወዳጄ ኦቦ ጎበና ዘንድ። እኔ ብሄድ ይከተሉኛል። ኬላ የማያስቆመው አንተን ነው።»

«ማን መሆኔን እያወቁ ይነግሩኛል?»

«ሌላ ሰው የለኝም፣ ልጄ። አደራ።»

ሽሮውን እንጥፍጣፊ ሳያስቀር በላ። ከዚያ ከሆቴሉ ስልክ ደወለ።

«ቃጭል ነኝ። መናገሻ፣ የጫካው ጠባቂ ቤት።»

ስልኩን ያነሳው አለሙ ነው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ራሳቸው ነገሩኝ።»

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ድርቆሹ ተከምሯል። ኦቦ ጎበና ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

«ነጋ። መኪናዋ የዶክተሩ ናት። ዶክተሩስ?»

«አደራ ብለው ልከውኝ ነው። አንቱን እንዳምን፣ አንቱም እኔን እንዲያምኑኝ።»

ሽማግሌው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ክምሩ ዞረው «ኮቱ፣ ና ውጣ!» አሉ። አትክልት ፀጉሩ ላይ ጭድ እንደያዘ ወጣ።

አቧራ።

ከእንጦጦ በኩል። ላንድሮቨር።

አለሙ ነው። በሚያውቃት ፔጆ ማምለጥ አይታሰብም። ከዚያው በኩል ግን፣ ከላንድሮቨሩ ቀድሞ፣ የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ እየመጣ ነበር። ገብረየስ መንገዱ መሃል ገብቶ አስቆመው።

ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። አንዴ አየውና ለአትክልት ዘረጋለት።

«ያዝ። ስምህ ከሊፋ ከድሩ ነው። ነጋዴ ነህ። እናትህ ሳሊሃ ወልቂጤ ናት።»

«ያንተ ነው?»

«ነበር። ስማኝ፣ ክርስቲያን ቤት ሥጋ ቢቀርብልህ እንዳትነካ። እኔን ያስያዘኝ አለመብላቴ ነው፤ አንተን የሚያስይዝህ መብላትህ ነው። ሱዳን ስትገባ ለእናቴ ሰላምታ ላክ። ልጅሽ ደህና ነው በላት።»

አውቶቡሱ አትክልትን ይዞ ሄደ። ላንድሮቨሩ ቆመ።

አለሙ ወረደ። ሁለት ጠብመንጃ ያዦች ከኋላ ተቀምጠዋል።

«መናገሻ አልከኝ። ፔጆዋ ግን ወደ እንጦጦ ስትወጣ ታየች። ልጁ የት ነው?»

«ሄዷል።»

«ኬላውን በምን ሊያልፍ?»

«በእርስዎ ፊርማ።»

የአለሙ እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

«አውቶቡሱን ያስቁሙት» አለ ገብረየስ ቀስ ብሎ። «ወረቀቱ በነዚህ ሰዎች ፊት ይነበባል፤ ልጁን ያሳለፉት እርስዎ ይሆናሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለውኝ ነበር።»

አለሙ ወደ ጠባቂዎቹ አየ። ወደ መንገዱ አየ። ላቡን ጠረገ።

«ከሊፋ የሚባል ሰው አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ወልቂጤ ብትታይ፣ እናትህን ጨው ተራ አታገኛትም። ገብረየስ ሆነህ ጥፋ።»

በማግስቱ ሬዲዮው ፕሬዚዳንቱ በጤና ምክንያት ሥልጣናቸውን እንደለቀቁ ተናገረ። ጤነኛ ነበሩ። ሆለታ ወስደው ቤት ዘጉባቸው፤ ዳግመኛም አላስተማሩም።

ዓመት አለፈ። ቡራዩ፣ እዚያው ጎሚስታ ቤት፣ ጎማ የሚለጥፍ አንድ ዝምተኛ ሰው አለ።

ሀሰኖ የሚባል የወልቂጤ ነጋዴ ጎማው እስኪለጠፍ ስንቁን ፈታ። ወሬ ይወዳል።

«ትናንት ሰደቃ በላን። ሳሊሃ የምትባል ጨው ሻጭ አለች፤ አሰብ ሄዶ ጠፋ የተባለ ልጇ ከሱዳን ሰላምታ ላከላት። ከሊፋ ይባላል። ሴትዮዋ በደስታ ልታብድ! ወይፈን አሳረደች። ይኸው ለመንገድ ብላ የቋጠረችልኝ ሥጋ። ና፣ ቅመ...»

ማተቡን አየና እጁን ሰበሰበ።

«አይ፣ ይቅርታ ወንድሜ። ለካ አንተ የኛን አትበላም።»

ሽታው ደርሶታል። በርበሬዋን ያውቀዋል።

«አዎ» አለ ገብረየስ። «አልበላም።»

ብሎኑን አጥብቆ ክሪኩን አወረደ።