ከዳር እስከ ዳር ግራጫ

«ጋሼ፣ ይሄ የዘቢዳር ተራራ ጭጋግ ነው እኮ! ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ ያመጡት?» አለ ከኋላ የተቀመጠው ሀቢቡ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሰፍያ አልሳቀችም። ከንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ሥር በተቀመጠው ቴሌቪዥን ውስጥ ምንም ያልተሳለበት ግራጫ ብርሃን ሞልቶ ቆሟል። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል። እንዲህ ያለ ነገር ቡታጅራ ውስጥ አይታ አታውቅም።

«ዝም በሉ!» አሉ መምህር ፈቃደ። «ጣቢያው ከትምህርቱ በፊት ይህን ባዶ ግራጫ የሚልከው መሣሪያው ጤነኛ መሆኑን እንድናይበት ነው። ሥዕል ጉድፍን ይደብቃል፤ ግራጫ አይደብቅም።»

ቁልፉን ቀስ አድርገው አዞሩ። ግራጫው ፈዘዘ፣ ደመቀ። ድንገት እጃቸው ቆመ። መሃሉ ላይ የተዝረከረከ ጥላ አለ።

«ኧረ ጉድ! ተበላሽቷል። ነገ በአውቶቡስ ይመለሳል።»

የዛሬው ትምህርት ስለ ባሕር ነበር። ሰፍያ ባሕር አይታ አታውቅም።

አጠገቧ ያለችው አሚኔ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «እኔ ነኝ» አለች በሹክሹክታ። «ጠዋት ክፍሉን ስጠርግ ቴሌቪዥኑን ቅቤ ቀባሁት።»

«አንቺ! መስታወቱን?»

«እናቴ አዲስ ጣባ በቅቤ ሳታሽ ለእንግዳ አታቀርብም። እንዲያምርበት ብዬ ነው፣ ወላሂ! እንዳትናገሪብኝ።»

መስታወቱን የነካ ተማሪ እንደሚባረር ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ አስጠንቅቀዋል። አሚኔ ከተባረረች አባቷ ሌላ ትምህርት ቤት አይፈልጉላትም፤ የሚፈልጉላት ባል ነው።

መምህር ፈቃደ እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ዘረጉ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ!» ሰፍያ ተነሥታ ወደ ፊት ሄደች።

«ምን ሆንሽ? አትንኪ!»

የሻሿ ጫፍ ግን መስታወቱ ላይ አርፎ ነበር። መስታወቱ ለብ ብሏል። ከውስጥ አንድ ነገር የሚስበው ይመስል የክንዷ ጠጉር ወደ ብርሃኑ ቆመ። ስታብሰው ጥላው ተንሸራተተ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። ግራጫው ከዳር እስከ ዳር ጠራ።

መምህር ፈቃደ የሻሿን ጫፍ አሸተቱ። «ቅቤ! ማነው የቀባው?»

አሚኔ አንገቷን ደፋች። ሰፍያ ዓይኗን ከብርሃኑ አልነቀለችም።

«መስታወቱን የነካሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። «የምባረር ከሆነም፣ ባሕሩን ካየሁ በኋላ ይሁን።»