በመያዣ የቀረችው ነርስ

የወንዙ ጩኸት ከላንቴ የሙዝ ማሳ ጀምሮ ይሰማ ነበር። ዳሩ ላይ ሲደርሱ ውቢት የክትባት ሳጥኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈችው። ውሃው ቀልቶ፣ ግንድ እየነቀለ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ወደ ዓባያ ሐይቅ ይጋልባል።

«ሳጥኑን ለሰናይት ስጥ፣ ሲስተር!» አላት መንገድ መሪያቸው ጋሽ ዳና፣ ገመዱን ከዛፍ ጋር እያሰረ። ሲቸኩል አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «እሷ የዚህ አገር ልጅ ናት።»

«እኔው እይዘዋለሁ» አለች ውቢት።

ውቢትና ሰናይት ነርሶች ናቸው፤ አርባ ምንጭ አብረው ተምረው፣ አንድ ጤና ጣቢያ አብረው ተመደቡ። በትምህርቱ የበለጠችው የደብረ ማርቆሷ ውቢት ነበረች። ሥራ ላይ ግን ያ ውጤት ማንም የማይጠይቃት ነገር ሆነ። ሰናይት በገበያ ስታልፍ ሴቱ ሁሉ በስሟ ይጠራታል፤ በጋምኛ ይቀልዳል፤ አቮካዶ ያሸክማታል። ውቢትን «ሲስተር» ይሏታል፤ ያውም ሲያማቸው ብቻ።

ጊዜው ሐምሌ ነው። ከኦቾሎ በላይ ባለችው የሰናይት የትውልድ መንደር ክረምት በመጣ ቁጥር የሚዞረው ጉንፋን ዘንድሮ ጨቅላዎቹ ላይ በረታ፤ በሳንባ ምች የተቀበሩም አሉ። ለሳንባ ምች የሚሰጠው አዲሱ ክትባት የገባው በዚያው ዓመት ነበር። የመኪናውን መንገድ ናዳ ስለዘጋው የሳጥኑ በረዶ ሳይቀልጥ በእግር መድረስ አለባቸው።

ጋሽ ዳና ቀድሞ ተሻገረና ገመዱን ወጠረው። ውቢት ሳጥኑን አናቷ ላይ አድርጋ ገባች። መሐል ላይ ከእግሯ ሥር ያለው ድንጋይ ተንከባለለ፤ ሰማዩ ዞረባት። ከኋላ አንድ እጅ የጃኬቷን አንገት ጨመደደ።

«ለቀቅሽው እንዴ?» ጮኸች ሰናይት።

«አልለቀቅሁትም! ይኸው ሳጥኑ!»

«ገመዱን ነው የምልሽ!»

ማዶ ሲወጡ ሁለቱም ከራስ እስከ እግራቸው ረጥበው ነበር። ውቢት «እግዜር ይስጥሽ» ሳትል ሳጥኑን መፈተሽ ያዘች። ከሰው ሁሉ እሷ ታድነኝ? አለች በሆዷ።

ልብሳቸውን ለመጭመቅ ሳጥኑን መሬት እንዳስቀመጡ ከሙዙ መሐል አንድ ጎረምሳ ዝንጀሮ ዘሎ ማንገቻውን ያዘና እየጎተተ ወደ ጫካው ሮጠ። ውቢት ጫማዋን ሳታጠልቅ ተከተለችው። እሾኹ እግሯን ቧጨራት። ዝንጀሮው ዞሮ ጥርሱን ሲያሳያት እሷም ጮኸችበት፤ ማንገቻውን በአንድ ወገን ይዛ ትጎትት ጀመር። በዚህ መሐል ሰናይት የወረወረችው ድንጋይ በጆሮዋ ሥር አልፎ የዝንጀሮውን ትከሻ መታውና ለቀቀ።

«አይ ሰናይትዬ! እጅ ማለት ይኼ ነው!» ብሎ ሳቀ ጋሽ ዳና።

ውቢት የሚደማ እግሯን ጫማ ውስጥ ከተተች። እሷ እንደታገለች ያየም የለ።

ዳገቱ ጀመረ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ጉሙ ወርዶ ዛፉን፣ ገደሉን፣ ከሥር የተኛውን ሐይቅ ሁሉ ዋጠው። ብርዱ በረጠበው ልብስ ውስጥ ገብቶ አጥንት ይነካል። ሰናይት ሳጥኑን እንቀባበል ብትላትም ውቢት እንቢ አለች። ይቺ እንኳ የእኔ ትሁን።

ከኦቾሎ በታች ካለች ትንሽ መንደር ሲደርሱ ዱላ የያዙ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ አቶ ካሱ፣ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሳር ነጩና መንገዱ ላይ አጋደሙት። ጋሽ ዳናና ሰናይት ባሉበት ቀጥ አሉ። ውቢት ልታልፍ እግሯን ስታነሣ ሰናይት ጎትታ መለሰቻት።

«እንዳትረግጪው! ሽማግሌ ያኖረው ሳር ነው። እሳቸው ካላነሡት ማንም አያልፍም።»

«የእኛም ልጆች ያስላሉ» አሉ አቶ ካሱ። «ሁልጊዜ በደጃችን ታልፋላችሁ። ስንመለስ ትላላችሁ፤ ስትመለሱ ሳጥኑ ባዶ ነው።»

«አሁን ለሁለቱም መንደር የሚበቃ ይዘናል፣ አባቴ» አለች ሰናይት። «ላይኛው ግን ሕፃን እየሞተበት ነው። እናቶቹ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁን ነው።»

«ቃል ሰማን። ልጅ በቃል አይከተብም።» ሽማግሌው ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። «አንዳችሁ መያዣ ሆና እኛ ዘንድ ትቀመጥ። ሳጥኑ ሲመለስ ትሄዳለች።»

«እኔ ልቅር» አለች ሰናይት ወዲያው። «ቋንቋውም አለኝ። ውቢት፣ አንቺ ውጪ።»

የውቢት ልብ በደስታ ዘለለ። ሳጥኑን አንግባ መንደሩ ስትገባ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉላት፣ በስሟ ሲጠሯት ታያት። ወዲያው ደግሞ ያለፈው ወር መጣባት። ብቻዋን ለሌላ ክትባት ወደዚያው መንደር ወጥታ ነበር። መርፌው ያመክናል የሚል ወሬ ተነዝቶ በሮቹ ሁሉ ተዘጉባት። በማግስቱ ሰናይት ሄዳ ገና ከውጭ ስትጣራ ሁሉም ተከፈቱ። ያ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። እውነት መሆኑ ነው የሚያንገበግባት።

ማንገቻውን ከትከሻዋ አወረደች። ጣቶቿ አልላቀቅ አሏት።

«አንቺ ሂጂ።»

«ለምን?»

«በር የሚከፈተው ላንቺ ነው። ሂጂ፣ ሳይቆጨኝ!»

አቶ ካሱ ሳሩን አነሡ። ሰናይትና ጋሽ ዳና ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ውቢት በአቶ ካሱ ቤት ደጃፍ ባለች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ ጋብ ሲል ከላይ፣ ከሩቅ፣ እልልታ ተሰማ። እንደ መርፌ ወጋት። ጆሮዋን ልትይዝ ስትል ከቤት ውስጥ አጭር፣ የሚያቃስት ትንፋሽ ሰማች።

ዘው ብላ ስትገባ የሽማግሌው ምራት ጭስ በሞላው ቤት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ውቢት ልብሱን ገለጠች። በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሳትጠይቅ ከነእናቱ ወደ ደጅ አወጣችው፤ በጋቢ ጠቀለለችው፤ ከቦርሳዋ የሳንባ ምች መድኃኒት አውጥታ በጥብጣ በማንኪያ አስዋጠችው።

«ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መውረድ አለበት» አለቻቸው አቶ ካሱን። «ለእሱ ክትባት የሚበቃ አይደለም።»

ሽማግሌው ጎረምሶቹን ጠሩ። የሕመምተኛ መሸከሚያው ወሳንሳ እስኪታሰር ድረስ ውቢት ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ ቀጥ አድርጋ ይዛ ወዲያ ወዲህ አለች። ቃል ሲቸግራት በእጇ አስረዳች። በጋምኛ አንዲት ነገር ልትል ብትሞክር እናትየው ከነእንባዋ ሳቀችባት። ወሳንሳው እናትና ልጁን ይዞ ቁልቁል ሲሄድ ያዩ ሴቶች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ ደረታቸውን አዳመጠች። እልልታው መቼ እንዳቆመ አላወቀችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰናይት ጭቃ በጭቃ ሆና ወረደች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ሁሉም ተከተቡ። በረዶውም አለ፣ ክትባቱም አለ።»

አግዳሚው ላይ ሳጥኑን ከፍታ በጋምኛ የፊተኛዋን እናት ጠራችና እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አለፈቻትና ልጇን ውቢት ጭን ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። የሰናይት እጅ አየር ላይ ቀረ። ፈገግታዋ ከከንፈሯ አላለፈም።

ውቢት ያን ፊት አየችው። መስታወት እንኳ የራሷን ፊት እንደዚያ አድርጎ አሳይቷት አያውቅም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ለቅጽበትም ደስ አላት። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ፣ ልጁን ያዢልኝ። ብቻዬን አልችልም።»

እንደምትችል ሁለቱም ያውቃሉ። ሰናይት ግን መጥታ ተቀመጠችና ልጁን አቀፈችው። ውቢት ወጋችው። ሕፃኑ አፉን እስከቻለ ከፍቶ የመንደሩን ውሻ ሁሉ ቀሰቀሰ።

«ኧረ ስሚው!» አለች ሰናይት በተዘጋ ድምፅዋ። «ሳንባ ማለት ይኼ ነው!»

«ይጩህ» አለች ውቢት፣ «ይጩህ።»