ሠላሳ እስኪሞላ

ይህን የምጽፈው ጓንት አድርጌ ነው። በራሴ ላይ የደረሰ ነው... ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም።

ጊዜው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ ማንም ምንም የማይፈራበት ሰዓት። ቦታው የአባቴ የአፕል እርሻ።

መጀመሪያ ግን ስለ ጋሽ ቀስበቀስ ልንገራችሁ።

አሥራ ስምንት ዓመት የዛፎቻችንን ቅርንጫፍ የገረዙ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ዛፍ በጨረሱ ቁጥር መቀሱን አልኮል ውስጥ ነክረው፣ በሹክሹክታ እስከ ሠላሳ ይቆጥራሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ፈንገስ በመቀስ ስለት ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል ይሉ ነበር።

እኔ እስቅባቸዋለሁ። "ጋሼ፣ እርስዎ ቆጥረው እስኪጨርሱ ፍሬው ይበስላል።"

"ይብሰል ልጄ። ብቻ አይበስብስ።"

አንድ ቀን አራተኛውን ረድፍ ብቻዬን ገረዝኩ። ሃያ ሁለት ዛፍ። ቸኩዬ ነበር... መቀሱን አንዴም አልነከርኩም።

በዓመቱ ቅርፊታቸው ላይ ቡናማ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቁስል ወጣ። ከጀመርኩበት ዛፍ ጀምሮ፣ የጨረስኩበት ላይ ቆመ። ግራና ቀኙ ያሉት ረድፎች ንጹሕ ናቸው።

አባዬ ይህን ረድፍ የገረዘው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

"ጋሼ ናቸው" አልኩ።

ሽማግሌው አጠገቤ ቆመዋል። መቀሴን ብቻ አዩት።

በማግስቱ ተባረሩ። በወሩ መሞታቸውን ሰማን። አባዬ ቀብራቸው ላይ እንኳ አልተገኘም።

ከዚያ ዛፎቹን የምንቆርጥበት ቀን ደረሰ። የሚቆረጥ ዛፍ ግንዱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ይታሰርበታል። ሃያ ሦስት ጥብጣብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሃያ ሁለቱን አስሬ የተረፈውን ኪሴ ከተትኩ።

ያኔ ነው ከኋላዬ የሰማሁት።

"አንድ... ሁለት... ሦስት..."

ዞርኩ። ማንም የለም።

ወገቤ ላይ ያለውን መቀስ ዳሰስኩ። እርጥብ ነው። አልኮል አልኮል ይሸታል። እኔ ደግሞ ጠርሙስ አልያዝኩም።

ቆጠራው አለፈኝ። ረድፉን ይዞ ወደ ቤት ሄደ።

"አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት..."

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጥብጣቡ የለም።

ሮጥኩ። እውነቱን ለአባዬ መናገር አለብኝ፤ ሌላ ነገር አልታየኝም።

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው።

"አባዬ፣ ረድፉን የገረዝኩት..."

"ዝም በይ" አለ በሹክሹክታ። "እየቆጠሩ ነው።"

ቀዩ ጥብጣብ የእጁ አንጓ ላይ ታስሯል።

"እኔ ነኝ አባዬ። እሳቸው አይደሉም።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አቆራረጥሽን አላውቀውም? ያን ቀንም አውቅ ነበር። ልጄን ከማሳፍር ብዬ ነው።"

ከመስኮቱ ስር... "ሃያ ስምንት..."

ተንበርክኬ ቋጠሮውን በባዶ ጣቴ ፈታሁት። ከስሩ ቆዳው ቡናማ ሆኖ ሰርጉዷል።

"ሃያ ዘጠኝ..."

ከዚያ ፀጥ አለ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ሠላሳን አልሰማንም። የአባዬ ቁስል እየሰፋ ነው። ሐኪሙም ምን እንደሆነ አላወቀውም። የኔ ጣቶች... ጓንቱን ሳወልቅ አላያቸውም።

በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን አባዬ እጁን በመስኮት አውጥቶ ይጠብቃል።

ሲመልሰው እጁ እርጥብ ነው። አልኮል ይሸታል።