የአዙራ ሰው አይንቀጠቀጥም

«ስትንቀጠቀጡ አደራችሁ?» አለ የተራራው ሰው ቶንሳ፣ በረዶውን ከጫማው ላይ እያራገፈ።

ጋርማይ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የአዙራ ሕዝብ አለቃ ናቸው፤ የእሳት ወንዝ ቆላውን አገራቸውን ሲውጠው የተረፈውን ሰው እየመሩ ወደ ሰርዋት ተራሮች የወጡ፣ በስተርጅናም ጋሻቸውን ለሌላ የማያሸክሙ ሰው። ጥያቄው ፊታቸውን አጠቆረው።

«የአዙራ ሰው አይንቀጠቀጥም» ሲሉ መለሱ። «ከዚህ ቤት የተንቀጠቀጠ አንድም የለም።»

ቶንሳ ደነገጠ። የበግ ለምድ ቆቡን ከራሱ አውርዶ ደረቱ ላይ ያዘ፤ በጋርማይ ትከሻ አሻግሮ ወደ ጨለማው ጎጆ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ናቸው? መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎች ላምጣ?» አለ።

የጋርማይ እጅ ወደ ሰይፋቸው ሄደ። የወንድማቸው ልጅ ዘርሚና ቶሎ ብላ መሐል ገባች።

«ይቆዩ አጎቴ፤ እየቀለደ አይደለም። ዓይኑን ይዩት።»

«ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ ደህና አደራችሁ ማለት እኮ ነው» አለ ቶንሳ። «የሚንቀጠቀጥ ሰው ገላው ከብርዱ ጋር እየታገለ ነው። ብርድ ላይ ቆሞ መንቀጥቀጡ ከተወው ግን ትግሉ አብቅቷል። ቆብ የምናወርደው ለእሱ ነው።»

«እኛ ዘንድ የሚንቀጠቀጥ ፈሪ ነው። ጦር ፊት የተንቀጠቀጠ ሰው ስሙ በመቃብሩ ላይ አይጠራም።»

ዘርሚና ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከጎጆው ጥግ የመውለጃ ወሯ የገባው እኅቷ ለምሌ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጡጫዋን ጨብጣ ተቀምጣለች። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። አለቃቸው የተራራውን አፈር በረገጡ ዕለት «በሰው አገር እንዳታዋርዱኝ» ብለው አዝዘዋቸዋል። የሰርዋት ሴቶች በየደጁ እየዞሩ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቋቸው፣ እነሱ በኩራት ፈገግ ብለው «ኧረ በፍጹም» ይሉ ነበር። ሴቶቹም እንባቸውን እየጠረጉ ይመለሳሉ። ለምን እንደሚያለቅሱ የገባው አልነበረም።

ቶንሳ የመጣው ግን ለሰላምታ ብቻ አልነበረም። የሰርዋት ንግሥት ስደተኞቹን ስትቀበል ከራሷ ምድጃ የእናት ፍም ሰጥታቸው ነበር፤ ያ ፍም ባለበት ሸለቆ እሳት አይከዳም። ባለፈው ሌሊት አንድ ቀይ ወፍ በበረራ ላይ እንዳለ እንደ ድንጋይ ደርቆ ከሰማይ ወደቀ። ሲነጋ ፍሙ የለም። ጠባቂው በአለቃው ትእዛዝ መሠረት ሳይነቃነቅ እንደ ተቀመጠ ነበር፤ ሲነኩት ቀዝቅዟል። ከዚያ ወዲህ በሸለቆው የተጫረ እሳት ሁሉ ሳይያያዝ ይጠፋል።

«የወሰደው ቆፈን ነው» አለ ቶንሳ። «በነጩ ገደል የሚኖር አውሬ። ፍሙን ማስመለስ የሚችለው የተሰጠው ሕዝብ ብቻ ነው። እኔን መንገድ እንድመራችሁ ንግሥቲቱ ልካኛለች።»

ዘርሚና የእኅቷን የገረጡ ከንፈሮች አየች። ያለ እሳት የሚወለድ ሕፃን ስንት ቀን ይቆያል? «እኔ እሄዳለሁ» አለች።

ጋርማይ ጋሻቸውን አነሡ። «በተቃጠለው አገሬ አመድ እምላለሁ፤ ፍሙ ሳይመለስ እኔ አልመለስም።»

ሽቅብ ሲወጡ ቶንሳ ምክሩን ከቀልድ ጋር እየቀላቀለ አስተማራቸው። ፊታቸውን ቅቤ እንዲቀቡ፣ የረጠበ ጨርቅ እግራቸው ላይ እንዳያቆዩ፣ ባይርባቸውም ጮማና ቆሎ እንዲበሉ ነገራቸው። «እግርሽ ከተኛብሽ ቶሎ ቀስቅሺው» አላት ዘርሚናን፤ «እግር እንደ አማት ነው፤ ችላ ያሉት ዕለት ይቀየማል።» እሷም የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ሄዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ገላዋን ለቀቀችው፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ። ቶንሳ አይቷት ኖሮ፣ «እንኳን ደህና አደርሽ» አላት።

ጋርማይ ግን ወንዝ ሲሻገሩ የራሰውን የእግር ጨርቅ በሰው ፊት ለመቀየር እንቢ አሉ። ከቀንድ ዋንጫቸው አረቄ ይጎነጫሉ።

«አባቴ ይተዉት፤ አረቄ ቆዳ እያሞቀ ከውስጥ ይሰርቃል» አላቸው ቶንሳ።

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ጠጥቻለሁ።»

ዘርሚና ከነጩ ገደል ዋሻ ቀንድና ጥፍር ያለው አውሬ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ግን የተጠቀለለ ጉም ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ከሥሩ ፍሙ እንደ ታመመ ዓይን ቀልቷል።

«ደክሟችኋል» አለ ጉሙ በለሰለሰ ድምፅ። «ጋደም በሉ። እዚህ ይሞቃል።»

ጫፉን ዘርግቶ የዘርሚናን አንገት ነካ። ገላዋ ይንቀጠቀጥ ነበርና እሾህ እንደ ወጋው ጣት ሸሸ። የቶንሳንም ሞክሮ ተወው። ያን ጊዜ ከኋላቸው ሳቅ ተሰማ።

«እውነቱን ነው፤ ይሞቃል» አሉ ጋርማይ። «የአዙራ ፀሐይ ናት።» ጋሻቸውን አስቀመጡ። ካባቸውን አወለቁ። ቀጥለው ቀሚሳቸውን፣ እንደ ቆላ ሰው በቀትር፣ ሳይቸኩሉ አወለቁ። በዚያ ሁሉ በረዶ መሐል ጣታቸው እንኳ አይነቃነቅም።

ጦር ሲወረወር ዓይናቸውን የማያርገበግቡት ሰው ራቁታቸውን ቆመው በደስታ ፈገግ ይላሉ። ከዘርሚና ጎን ቶንሳ ቆቡን አወረደ።

«ቆብህን አድርግ» አለችው፤ ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም። «ገና አልሞቱም።»

ካባውን አንሥታ ሮጠች። ጉሙ ግን ከፍሙ ላይ ተነሥቶ ቀደማት፤ ጋርማይን ከእግር እስከ አንገት ተጠመጠመባቸው። ቶንሳ የራሱን ለምድ ሊያለብሳቸውና ሊስባቸው ታገለ፤ እሷም አቀፈቻቸው። ትንፋሽዋ ሲነካቸው ዓይናቸው ለአፍታ ጠራ።

«ዘርሚና፣ ፍሙን አንሺ። እኔን ከለቀቀ ይመለስበታል።»

«አልተውዎትም።»

«ስሚኝ። በመጀመሪያው ሌሊት እኔም ተንቀጥቅጫለሁ። ማንም እንዳያየኝ ጋሻዬን ተከናንቤ ነው። ሂጂና ንገሪያቸው። ትእዛዜን አንሥቻለሁ።»

ይህን ብለው ክንዳቸውን በጉሙ ዙሪያ ቆለፉ፤ የጠላት አንገት እንደሚያንቁ አጥብቀው ያዙት። ዘርሚና ወደ ፍሙ ተወርውራ በባዶ እጇ አነሣችው። መዳፏ ተቃጠለ፤ አልጣለችውም። ብርሃኑ ዋሻውን ሲሞላው ጉሙ ለማምለጥ ተንፈራገጠ፤ ክንዶቹ ግን አልለቀቁትም። ወዲያው ውኃ ሆኖ በጋርማይ ደረት ላይ ፈሰሰ። እሳቸው አልተነሡም።

ቶንሳ ቆቡን አወረደ። በዚህ ጊዜ ዘርሚና ምንም አላለችውም።

ጎጆው ሲደርሱ ሰው ሁሉ ጀርባውን አቅንቶ፣ ልክ ትተዋቸው እንደ ሄዱት ተቀምጧል። ዘርሚና ፍሙን ምድጃው ላይ አኖረችና ወደ እኅቷ ዞረች።

«ለምሌ፣ ስትንቀጠቀጪ አደርሽ?»

«አልተንቀጠቀጥኩም» አለች ለምሌ። ኩራቷ አሁንም አለ፤ ምላሷ ግን ይጎተታል።

ዘርሚና ከጎጆው መሐል ቆማ ትከሻዋን፣ ጉልበቷን፣ መንጋጋዋን ለቀቀች። በሕዝቧ ፊት እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠች። አሮጊቶቹ የሚያዩትን ማመን አቅቷቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ጋርማይ ተንቀጥቅጠዋል» አለች፤ ቃሉ በጥርሷ መሐል ይቆራረጣል። «እንድነግራችሁ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ፍሙን ያስመለሱት በነፍሳቸው ነው። ትእዛዛቸው ተነሥቷል።»

ዘርሚና የእኅቷን እርጥብ ነጠላ ገፍፋ የቶንሳን ለምድ አለበሰቻትና ከራሷ ገላ ጋር አጣበቀቻት። ብዙ ቆየ። ከዚያ የለምሌ ጡጫ ተፈታ፤ ትከሻዋ አንዴ ተርገበገበ፤ ደግሞ ተርገበገበ። ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር አንድ ሽማግሌ፣ ከእሱ አጠገብ ሚስቱ። ጎጆው በጥርስ ድምፅ ተሞላ። ደጅ የነበሩት የሰርዋት ሴቶች ድምፁን ሰምተው በሩን ከፈቱ፤ ደረቅ ልብስና ትኩስ ሾርባ ይዘው እየሳቁም እያለቀሱም ገቡ።

የጋርማይ ሬሳ ከገደሉ ወርዶ ሲቀበር ስማቸው በመቃብራቸው ላይ ተጠራ።

ለምሌ በሳምንቱ ሴት ልጅ ወለደች። በማግስቱ ጠዋት ቶንሳ መጥቶ ከደጅ እንደ ልማዱ ጠየቀ። ለምሌ ራሷ ከመኝታዋ ሆና፣ «ስንቀጠቀጥ አደርኩ፤ አንተስ?» አለችው። እሱም ቆቡን ከራሱ ሳያወርድ፣ የተሸከመውን እንጨት ደጃፉ ላይ አራግፎ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።