ላሞች ያልገቡበት ግቢ

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። የደረሰው በእኔው ግቢ፣ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ቤቴ ነው።

ጨለማ አሳስቶህ ነው እንዳትሉኝ። ሌሊት አልነበረም። አመሻሽ ላይ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ከሥራ ሲመለስና ከብት ወደ በረት ሲነዳ ነው።

ይሄነው እባላለሁ። ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ።

ቅናተኛ ነኝ። ባለቤቴን የትምወርቅን ባለባጃጅ «እንደምን ዋልሽ» ካላት ያን ቀን ራት አልበላም። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

እሷም ትስቅብኝ ነበር... ያኔ።

አማተር ሬዲዮ አለኝ፣ ከነፈቃዱ። ለማያውቀው ሰው፣ ግቢህ ውስጥ አንቴና ተክለህ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የምታወራበት ነገር ነው። የኔ አንቴና መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው። ቀን ላይ ደህና ይሠራል። ዝቅተኛው ሞገድ ላይ ግን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሩቅ ድምፅ በሚመጣበት ሰዓት፣ ድፍን ያለ ደንቆሮ ነበር።

እንዲህ ያለ አንቴና ግማሽ ሥራው መሬት ውስጥ ነው። ከሥሩ ጀምሮ በየአቅጣጫው የመዳብ ሽቦ ይቀበርለታል። ሽቦው በበዛ ቁጥር ጆሮው ይከፈታል። የእኛ መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው፤ በጋ ሲገባ ጭራሽ ይደርቃል።

ቆፈርኩ። ሽቦ ጨመርኩ። ሥሩ ላይ ወፍራም የሽቦ ጥቅልል ሠራሁለት። አሁንም ሽሽሽ ብቻ።

በመጨረሻ ጨው ትዝ አለኝ። የጨው ውኃ ደረቅ መሬት ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ይረዳል ይባላል። ከገበያ ጨው ገዝቼ በበርሜል በጠበጥኩና ሽቦዎቹ በተቀበሩበት ሁሉ አፈሰስኩት።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ላይ አይታኝ በሳቅ ፈረሰች።

«ያ ረቢ! መሬት ጨው አማረኝ አለህ እንዴ? ላሞቼ ግቢህን ሲልሱልህ ሊያድሩ ነው!»

እኔም ሳቅሁ። ላም ጨው ካሸተተች ማን ይመልሳታል?

ማታ ላሞቿ ከግጦሽ ሲመለሱ የግቢዬ በር ላይ ደረሱ። አንገታቸውን አስግገው አሸተቱ... ቆሙ... ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለሱ።

እትዬ ዘይነባ ሳቋን አቆመች።

እኔ ግን ለላም ጊዜ አልነበረኝም። ሬዲዮዬ ተከፍቶልኝ ነበር! ከባሕር ማዶ አንድ ሽማግሌ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራ እንደ ጎረቤት ሰማሁት። በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

«የትም! ነይ ስሚልኝ!»

የትምወርቅ ከምትሠራበት ክሊኒክ ገና መግባቷ ነው። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ፊቷ ተለወጠ። ፈገግ አለች።

«አማርኛ ነው የሚያወራው» አለች።

«አማርኛ? ሽማግሌው?»

«ሽማግሌ አይደለም... እሽሽ።»

ማዳመጫውን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ሽሽሽ... ሌላ ምንም የለም።

«ሄደ» አለችኝ፣ ቅር ብሏት። «አንተ ስትይዘው ሄደ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ቀድማ ቤት መግባት ጀመረች። ስመጣ ማዳመጫውን አድርጋ አገኛታለሁ። በሹክሹክታ ታወራለች። አንዳንዴ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች፤ ስንተጫጭ የምትስቀው ሳቅ ነበር።

ማይክሮፎኑን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።

ማውራቷን አልተወችም።

ሬዲዮው ፊት ላይ የሚመጣውን ድምፅ ጉልበት የምታሳይ ትንሽ መርፌ አለች። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ መርፌዋን አየሁ። የትምወርቅ ዝም ብላ ስታዳምጥ መርፌዋ ንቅንቅ አትልም። እሷ በሹክሹክታ ስትመልስ ግን መርፌዋ ብድግ ትላለች።

ማለትም ከሩቅ የሚመጣው የእሷ ድምፅ ነበር... እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ።

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀናሁ።

«ማነው?» አልኳት።

«አልጠየቅሁትም።»

«ምን ይልሻል?»

«ደከመሽ ወይ ይለኛል።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጥያቄዋ ይበልጥ አናደደኝና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ይህን ሁሉ ያመጣው አንቴናው ነው፤ ልነቅለው ነው!

የመጀመሪያውን ሽቦ ከአፈር አወጣሁ። ጨው ውስጥ የከረመ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ይሄ ግን ያበራ ነበር። አንድም የጨው ቅንጣት አልነበረበትም፤ በምላስ የተወለወለ ይመስል ነበር።

ላሞቹ ደግሞ ግቢው ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልገቡም።

ሁለተኛውን ያዝኩና ሳብኩት። በዚያ ድንጋይ ውስጥ እስከ ምሽት ያታግለኛል ብዬ ነበር። ሳልጎትተው መጣልኝ። አፈር ውስጥ ሆኖ ጫፉን የሚያቀብለኝ ሰው ያለ ነበር የመሰለኝ።

«ይሄነው...»

እትዬ ዘይነባ አጥሩን ይዛ ቆማለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

«ተወው ልጄ። አትንቀለው።»

«ለምን እትዬ?»

«እንጃ። ይሄ ሽቦህ የያዘው ነገር ይኖራል። ላሞቼ በከንቱ አይሸሹም።»

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ! ሚስቴን ሊወስድብኝ ነው እኮ!»

«ማን?»

ማን ልበላት? መንቀሌን ቀጠልኩ። እያንዳንዱ ሽቦ ሲወጣ ከቤት ውስጥ የየትምወርቅ ሳቅ ይሰማል። ሽቦው ሲያልቅ ቧንቧውን መሬት ላይ አጋደምኩት። ወደ ሬዲዮው የሚሄደውን ገመድም በጠስኩ።

ተገላገልኩ ብዬ እጄን ታጥቤ ገባሁ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ነው። የማዳመጫው ሶኬት ግን ከሬዲዮው ተነቅሎ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

«አሁንስ ጠፋ?» አልኳት።

«አሁን ጥርት አለ።»

ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች። ከእንግዲህ የማያስፈልጋት ዕቃ ይመስል ነበር።

«አመሰግናለሁ በይው ብሎኛል» አለች።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሽቦው።»

እሷ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። ለእኔ መስሎኝ ልቀመጥ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እዚያ አይደለም» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ በትሕትና።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። አግዳሚው በረንዳ ላይ ወጥቷል። ያ አግዳሚ ለሁለት ካልሆነ አይነሳም። የትምወርቅ አንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋን ታያለች።

የእትዬ ዘይነባ ቀይ ላም ግቢዬ ውስጥ ነበረች።

ጨው የጠጣውን መሬት ረግጣ አለፈች፤ አላሸተተችውም። ቀጥ ብላ በረንዳው ጋ ሄዳ የትምወርቅን እጅ መላስ ጀመረች። የትምወርቅ እጇን አግዳሚው ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አድርጋዋለች። ጣቶቿ ተከፋፍተው ታጥፈዋል። የሰው እጅ ሲይዙ እንደዚያ ነው።

ላሟ ጣቶቿን ላሰች። ከዚያ ምላሷ ከጣቶቿ አለፈና... አልወደቀም። ባዶው አየር ላይ፣ የእጅ አንጓ በሚኖርበት፣ ከዚያም ክንድ በሚኖርበት ቦታ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

«የትም...» አልኩ።

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከሦስቱ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም።