መርዋን አንድ ሜትር የሞላ ቀን

ይኼን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ሱቅ፣ በራሴ ልጅ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የማትፈልጉ እለፉት፤ ማንንም ልለምን አልተቀመጥኩም።

ቀኑ አርብ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው እንጅባራ፣ ገበያው አጠገብ ያለው የጨርቅ ሱቄ።

አዎ፣ በቀን ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮማ «ሕልም አይተሽ ነው» ትሉኝ ነበር።

ኢንሳፍ እባላለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። አፊያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መርዋን አምስተኛውን ጀምሯል።

አምና መርዋን ታመመብኝ። ባሕር ዳር ሆስፒታል አርባ ቀን ተኛን። አንድ ቀን ሐኪሙ ባለቤቴን አብዱልሀፊዝን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ሲያንሾካሹክለት አየሁ። አብዱ አንገቱን ደፋ።

እኔ አልደፋሁም። ወደ ልጄ ጆሮ ጠጋ ብዬ...

«አንተ ብቻ ዳንልኝ። አዲስ አበባ ወስጄ ትልቁን ባቡር አሳፍርሃለሁ» አልኩት።

በስልክ አይቶ ያበደለት ባቡር ነው። የመጫወቻ ፓርክ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚምዘገዘገው።

ዳነ። እንግዲህ ቃል ቃል ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ማቀድ ጀመርን። ጳጉሜን ላይ ልንሄድ ነው። አብዱ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች ይጠይቃል። እኔ አዲስ አበባ ካለችው እህቴ ጋር ስለ ማደሪያ እነጋገራለሁ። አፊያ በደብተሯ ላይ ዝርዝር አወጣች።

«አንደኛ ባቡር። ሁለተኛ የሚሽከረከረው። ሦስተኛ አይስክሬም። አራተኛ ባቡር እንደገና።»

ፓርኩ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቋርጦ በአራተኛው አንዲት ልጅ አነሳች።

«አንድ ሜትር ያልሞሉ ልጆች ባቡሩ ላይ አይወጡም» አለችኝ።

«አንዲት ጣት ብትጎድልስ?»

«አንዲት ጣትም ብትጎድል፣ እናቴ።»

ያን ዕለት አርብ ጠዋት መርዋንን ከሱቁ በር መቃን ጋር አቁሜ በጠመኔ ምልክት አደረግኩና ለካሁት።

ዘጠና ሰባት ሴንቲ። ሦስት ጎደለው።

ለቅሶውን ለቀቀው። «ምን ያስለቅስሃል!» አልኩት። «ከሕመም የተነሣ ልጅ ይመዘዛል። ወተትህን ጠጣ፣ ጳጉሜን ሳይመጣ ትሞላለህ!»

ሰባት ሰዓት ላይ አብዱ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደ። ልጆቹ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤታችን ናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መንገዱ ጭር ብሏል።

አንድ ሰው ገባ። ጎልማሳ ነው። በእጁ ሸምበቆ ይዟል።

«በዚህ ልክ... አቡጀዲ» አለኝ። «ሦስት እጥፍ።»

እኛ ጨርቅ ነጋዴዎች ይኼን እናውቀዋለን። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ሬሳው በሸምበቆ ይለካል፤ ዘመድ ሸምበቆውን ይዞ ወደ ሱቅ ይመጣል፤ እኛ በልኩ ከፈኑን፣ መገነዣውን ማለቴ ነው፣ እንቆርጣለን። ክርክር የለ፣ ቀንሺልኝ የለ።

ሸምበቆው ግን አጭር ነበር... የልጅ ነው።

ሜትሬን አጠገቡ አጋደምኩት።

ዘጠና ሰባት።

ዘጠና ሰባት ሴንቲ የሆነ ልጅ መርዋን ብቻ ነው እንዴ? አልኩ ለራሴ። ቆረጥኩ።

«አላህ ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው?»

«ገና ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ይቀመጥልኝ... እመጣለሁ።»

ብሩን አኑሮ፣ ጨርቁን ትቶ፣ ሸምበቆውን ይዞ ወጣ።

እናንተዬ! ከፈን ይቀመጥልኝ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ዘንድ የሞተ ሰው አያድርም። ጨርቁ ሲቆረጥ ጉድጓዱም እየተቆፈረ ነው።

አብዱ ከመስጊድ ሲመለስ «ማን ሞተ?» አልኩት።

«ማንም። ምንም አልተነገረም።»

ጨርቁን አጣጥፌ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ ገባ። በመጀመሪያው አርብ ጠዋት መርዋንን ስለካው ዘጠና ስምንት ሞልቷል! እልል አልን። አፊያ ዝርዝሯ ላይ «አምስተኛ፣ መርዋን ካለቀሰ እኔ ሁለቴ እሳፈራለሁ» ብላ ጨመረች።

ሰባት ሰዓት ላይ ሰውየው መጣ።

«በዚህ ልክ። ሦስት እጥፍ።»

ሸምበቆውን ሳላጋድመው አወቅኩት። ቢሆንም ለካሁ።

ዘጠና ስምንት...

«ያለፈውን ሳይወስዱት?» አልኩ።

«ያ አነሰው።»

«ማንን?»

መቀሱን ያያል።

ለምን ቆረጥሽ አትበሉኝ። ፈራሁ፤ እጄም የለመደውን ሠራ። እንደገና ብሩን አኑሮ፣ ጨርቁን ትቶ ወጣ።

ትንሽ ቆይታ ከፊት ለፊቴ እህል የምትሸጠው እታለማሁ ማዳበሪያ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ እየሮጠች ተሻገረች።

«አንቺ ኢንሳፍ፣ ያ ሰውዬ ዘመዳችሁ ነው?»

«የቱ?»

«አሁን የወጣው ነዋ! መርዋንን እጁን ይዞት የሄደው!»

እንዴት ወደ ጓሮ እንደሮጥኩ አላውቅም። አንድ እግሬ ጫማ አልነበረውም።

መርዋን ቤት ውስጥ ነው። ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ቆሟል። ተረከዙን ገጥሞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሰውዬው ቀጥ ብለህ ቁም አለኝ» አለ በሹክሹክታ።

«የት አለ ሰውዬው?»

«ሄደ። ሲሞላ እመጣለሁ አለ።»

አፊያ እዚያው ክፍል ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። «እማ፣ ማንም አልገባም እኮ» አለችኝ።

ለአብዱ ስነግረው ፊቱ ዓመድ ሆነ።

«ጉዞው ይቅር» አለ። «ልጁንም ሁለተኛ አትለኪው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማሽም?»

«የፈሩት የሚደርስ ከሆነ እንግዲያው አልፈራም!»

«ኢንሳፍ፣ በአላህ ይዤሻለሁ...»

«ምን ላድርግ ነው የምትለኝ? ወተቱን ልቀንስበት? ልጄ እንዳያድግ ዱዓ ላድርግ? ሞቼ ነው ቆሜ! ልጄ ያድጋል፤ ባቡሩንም ይሳፈራል!»

አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከንዴት ነው ያለቀስኩት። አርባ ቀን ከሞት አፍ የነጠቅኩትን ልጅ አንድ ባለ ሸምበቆ መጥቶ በሴንቲ ይቆጥርብኝ?

ነሐሴን በሙሉ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን አዘነብኩለት። የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥን። አፊያ ሻንጣውን ሁለት ጊዜ አሰናድታ ሁለት ጊዜ በተነችው።

የነሐሴ የመጨረሻው አርብ ጠዋት መርዋን ከመቃኑ ሥር ቆመ።

አንድ ሜትር። ልክ አንድ ሜትር።

«ሞላሁ!» ብሎ ጮኸ።

ሰሚ ካለ ይስማ ብዬ እኔም ጮኽኩ። «ሞላህ የኔ ጌታ! ሞላህ!»

አብዱ ከሱቅ አልሄድም አለ። «ሂድ ስገድልን» ብዬ ገፍትሬ ላክሁት። መርዋንን ባንኮኒው ላይ ከጎኔ አስቀመጥኩት።

ሰባት ሰዓት...

ዝናቡ ድንገት ቆመ። ሰውየው ገባ። ዛሬ እኔን አላየኝም፤ ልጄን ነው ያየው።

«ልኩ ሞላ» አለ።

«ሞልቷል። ባቡር ለመሳፈር!»

«ቁረጪ።»

ከዚያ በኋላ እርስዎ ማለቱ ቀረ።

«ስማ አንተ! ከየትም ና፣ ማንም ላክህ፤ ለዚህ ልጅ ከእንግዲህ አንድ ክንድ አልቆርጥም!»

ሸምበቆውን ከእጁ መንጭቄ ጉልበቴ ላይ ሰበርኩት።

«እግሬን!» አለ መርዋን።

ዞሬ አየሁት። ጉልበቱን ይዟል... አሸት አሸት አደረገውና ተወው። ደህና ነው።

ሰውየው አልተቆጣም። ወደ መደርደሪያው ጠቆመ፤ አጣጥፌ ወዳስቀመጥኳቸው ሁለት ጨርቆች።

«የቆረጥሽው ግን የእሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይለብሰዋል።»

«ይለብሰዋል!» አልኩት። «ቆሞ ነው የሚለብሰው!»

ጨርቁን ላወርድ ዞርኩ። ስመለስ ሰውየው የለም። የሰበርኩት ሸምበቆም የለም።

እዚያው የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከከፈኑ አቡጀዲ ለልጄ ሸሚዝ ሰፋሁለት። አፊያ ደረቱ ላይ በቀይ ማርከር ባቡር ሣለችበት። ጭስ የሚያወጣ።

አብዱ ከመስጊድ ገብቶ ሲያይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«ሱብሃነላህ! አንቺ ሴት አብደሻል!»

«አዎ አብጃለሁ። ያንን ቁልፍ አቀብለኝ።»

አቀበለኝ።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ፓርኩ ደረስን። ከበሩ ጀምሮ ሙዚቃ ነው፣ ፊኛ ነው፣ ጩኸት ነው። አብዱና አፊያ አይስክሬም ሊገዙ ተሰለፉ። እኔና መርዋን ወደ ባቡሩ ሄድን። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ግድግዳ ላይ ከተሣለ ቀጭኔ ሥር አቆመችውና «ሞልቷል፣ ግባ» አለችው።

የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

አጥሩን ተደግፌ አየዋለሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቷል።

«በስንት ቆረጥሽለት?»

ከጎኔ አንዲት ሴት ቆማለች። የምታየው የመርዋንን ሸሚዝ ነው።

«ምን አልሽኝ?»

«አቡጀዲውን። በስንት ሴንቲ ቆረጥሽለት?» አለች በሹክሹክታ።

ክንዷ ላይ የታጠፈ ነገር ይዛለች። የልጅ ሸሚዝ ነው... ከአዲስ አቡጀዲ የተሰፋ።

«ከየት ነሽ?» አልኳት።

«ከጥሊሊ። ስሜነሽ እባላለሁ። እኔም ጨርቅ ነው የምሸጠው።»

«ሸምበቆ ይዞ መጣ?»

«መጣ። እኔ ፈራሁ። ልጄን መለካት ተውኩ። እዚህ ላመጣው ቃል ገብቼለት ነበር፣ ጉዞውንም ተውኩ። በር ዘግቼበት ቤት አስቀመጥኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሸሚዙን የሰፋሁት ከአርባው በኋላ ነው» አለች።

እጇን ያዝኳት።

«ማን ነበር ስሙ?»

«ባምላክ።»

«ነይ» አልኳት።

ጎትቻት ገባሁ። ሸሚዙን ተቀብዬ ከመርዋን ጎን ባዶው ወንበር ላይ ዘረጋሁት። ትኬት ቆራጯ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«የሱንም እከፍላለሁ። ብረቱን ዝጊው!»

ዓይኔን አይታ ዘጋችው።

ባቡሩ ተነሣ። ሽቅብ ወጣ... ወጣ... ጫፉ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቁልቁል ተምዘገዘገና ከዛፎቹ ጀርባ ጠፋ። የልጆቹ ጩኸት ብቻ ይሰማል። የስሜነሽ ጥፍሮች መዳፌ ውስጥ ገብተዋል።

ዞሮ በፊታችን ሊያልፍ መጣ።

መርዋን ይስቃል። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ፊቱን ወደ ጎኑ አዙሮ የሆነ ነገር እየጮኸ ያወራል።

ከጎኑ ያለው ሸሚዝ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ቁልፎቹ እስከ አንገት ተቆልፈዋል፤ ደረቱ ሞልቷል። ሁለቱ እጅጌዎች ወደ ላይ ተዘርግተዋል።

ከአንገቱ በላይ ምንም የለም። ከኋላው ያለው ዛፍ ነው የሚታየው።

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም።

ስሜነሽ እጄን ለቀቀችና አጥሩ ላይ ተንጠላጠለች። እዚያ እንደቆሙት እናቶች ሁሉ፣ ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች።

«ባምላክዬ! ያዝ! በሁለት እጅህ ያዝ!»

እጅጌዎቹ ወርደው ብረቱን ያዙ።